የነፋሱ መነሻ

ጥር 21 ቀን 1982

ጠዋት ቆቃ ሐይቅ ሄድኩ። ገመዳ እንደ ወትሮው ጀልባውን ቀዘፈልኝ። ዳርቻው አጠገብ የውሃውን ሙቀት ለካሁ፤ ሃያ ሁለት። ሳተላይቱ ከሰማይ ሆኖ ያነበበው ግን ሃያ... ሁለቱ ዲግሪ የት ገባ?

አለቃዬ አቶ ገሠሠ ከአዲስ አበባ መጥተው አዩት። «ቀይ ባሕርን እንዲህ ብንለካ መርከበኛው ይስቅብናል» አሉ። እዚያ ጦርነት ስላለ ነው ሙከራውን እዚህ ሐይቅ ላይ የምንሠራው።

መርከበኛው... ጃራም እዚያው ነው። ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል። ባልም ሚስትም ውሃ ላይ።

ማታ የእናቱን የእማማ ሻሼን ጉልበት በቅቤ አሸሁላቸው። ከአርሲ ነገሌ አዳማ እኔ ጋ ከመጡ ጀምሮ ብርዱ ለቀቅ አድርጓቸዋል።

ጥር 29

ሳይገባኝ አልቀረም። ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ሲነፍስ የሞቀውን የላይኛውን ውሃ ገፍቶ ዳርቻው ላይ ያጠራቅመዋል። እኔ የምለካው እሱን ነው፤ ሳተላይቱ የሚያየው መሐሉን። ነፋሱ ሲዞር ልዩነቱም ይዞራል። አቅጣጫውን ካወቅን ማስተካከል እንችላለን ማለት ነው።

ለአቶ ገሠሠ ደወልኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ጥሩ፣ ዘውድነሽ። ሐይቁ ላይ የነፋስ መለኪያ አለሽ። ባሕሩ ላይስ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው።

የካቲት 3

ምጽዋ ላይ ውጊያ ተጀምሯል። ሬዲዮው ብዙ አይናገርም፤ ሰዉ ያወራል። ለእማማ ሻሼ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ሰምተው አልነገሩኝም። ራት ቀርቦ ሁለታችንም ሳንነካው ስንቀር አንዳችን በሌላችን ነቃን።

የካቲት 12

አቶ ገሠሠ የቀይ ባሕርን የሳተላይት ፎቶ ይዘው መጡ። ደመናው በመስመር በመስመር ተዘርግቷል። መስመሩ የነፋሱን መንገድ ያሳያል፤ ግን ከየት ወደ የት? ከሁለቱም ጫፍ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛውን ከመረጥኩ የባሕሩ ሙቀት ይስተካከላል፤ ከተሳሳትኩ ስህተቱ ይብሳል።

ፎቶው ላይ ምጽዋ ከጥፍሬ ታንሳለች። ጣቴን አስቀመጥኩባት... አቶ ገሠሠ አዩኝ። ፎቶ ከቢሮ አይወጣም። «ለዛሬ ቤት ወስደሽ እይው» አሉኝ ቀስ ብለው።

የካቲት 13

እማማ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

«ጃራ የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋቸው።

«ይሄ ነጩስ?»

«ደመና ነው። ነፋስ ነው እንዲህ የደረደረው።»

«ወደሱ የሚሄድ ነው፣ ከሱ የሚመጣ?»

«እሱን እኮ ነው ያጣሁት፣ እማማ።»

አብረን አጎነበስን። ጠረፉ ላይ ደብዘዝ ያለ ነገር... አቧራ። የብሱ ጋ ወፍራም ነው፤ ባሕሩ ላይ ወደ ደቡብ እየሳሳ ሄዷል። አቧራ ከባሕር አይነሳ! መነሻው ሰሜን ነው።

«ወደ አሰብ ነው የሚነፍሰው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ጀልባ ካገኘ ይገፋለታል» አሉ። ስለ ሙቀቱ አልጠየቁኝም።

የካቲት 20

ስሌቱ አለቀ። አንዲት የጭነት መርከብ በሬዲዮ ካስተላለፈችው ልኬት ጋር አስተያየነው፤ ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪ እንኳን አይሞላም። አቶ ገሠሠ ጨበጡኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለማን ልንገረው?

መጋቢት 4

እማማ ከቤት እየወጡ የሚውሉት የት እንደሆነ ዛሬ ደረስኩበት። አዳማ መውጫ፣ ከአሰብ የሚመጡት ከባድ መኪኖች ነዳጅ የሚቀዱበት ጋ። ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ተቆጥቼ ልመልሳቸው ነበር... አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ጂብሪል የሚባል ሾፌር ጎንበስ ብሎ ሰማቸው። «እናቴ፣ አሰብ ሆስፒታል ከምጽዋ በጀልባ የመጡ ቁስለኞች አሉ። ስሙን ይንገሩኝ፣ እጠይቅልዎታለሁ።»

ነገሩት። መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላም ስሙን እየጠሩ ትንሽ ተከተሉት።

መጋቢት 17

አለ። ጂብሪል በዓይኑ አይቶታል። አለ።

ሚያዝያ 9

ጃራ በሕመም ፈቃድ መጣ። ጂብሪል ራሱ ነው ያመጣው። ግራ እጁ ከክርኑ በታች የለም።

እናቱ «ያ ኢልማ ኮ፣ ያ ኢልማ ኮ» እያሉ ባዶውን እጅጌ ሳሙት። ልጄ፣ ልጄ። እኔ ሻንጣውን ተቀብዬ ይዤው ቆምኩ። በኋላ «አስቀምጪው እንጂ» ሲለኝ ነው ማልቀስ የቻልኩት።

ሚያዝያ 26

ውሃ ማየት አይፈልግም። ፊቱን ሳስታጥበው እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ስለ ምጽዋ አልጠይቀውም። አቶ ገሠሠ አዲስ አበባ ተዛውረሽ የባሕሩን ሥራ ያዢ ብለውኛል። ትንሽ ይቆዩኝ አልኳቸው።

ግንቦት 13

ጠዋት ስወጣ ጃራ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሟል። «እኔም ልምጣ?» አለ።

ቆቃ ስንደርስ ገመዳ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ጃራ ጀልባው ጠርዝ ላይ እግሩን አንስቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ገባ።

መሐሉ ላይ ስንደርስ የቴርሞሜትሩን ገመድ ሰጠሁት። በቀኝ እጁ ቀስ አድርጎ ወደ ውሃው ሰደደው፤ ጠበቀና አወጣው።

«ስንት ይላል?» አልኩት።

ዓይኑን አጥብቦ አየ። «ሃያ ሦስት ተኩል... ደስ ይላል ውሃው።»

ሃያ ሦስት ተኩል ብዬ ጻፍኩ። አጠገቡ «የለካው፦ ጃራ» ብዬ ጨመርኩበት።