የኢድሪስ ደረት

ጥቅምት 9፣ እሑድ። ረፋድ 4 ሰ.

ደረቱን ጥላ ላይ ሰቀልኩት። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ስፖንጁ ይፈረፈራል። ውስጡን በሳሙና ውሃ ወለወልኩ፣ ብብቱን ሁለቴ። ኢድሪስ ሲያልበው ለጉድ ነው።

ደብተሬ፣ አሮጌዋ አልቃ አንቺ አዲስ ነሽና ልንገርሽ። "ደረቱ" የምለው ከሁለት ዓመት በፊት ከልባሽ ጨርቅ ቦንዳ የወጣ ዕቃ ነው። ደረት፣ ሆድ፣ ትከሻና ክንድ የሚሸፍን፣ ስፖንጅና ጠንካራ ፕላስቲክ። ነጋዴው የፖሊስ ዕቃ መስሎት ሊጥለው ነበር። አንዱ በስልኩ ፈልጎ አሳየን፤ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በበትር የሚጫወቱ ሰዎች አሉ፣ የእነሱ በረኛ የሚለብሰው ነው። አሶሳ ላይ በረዶ! ከለስላሳ ፍሪጅ ሌላ የት አይተን? ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን። ኢድሪስ ብቻ አልሳቀም፤ ለካው።

የጤና ቡድናችን በረኛ እሱ ነው። ስልሳ አንድ ዓመቱ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ሰፈሩ ሁሉ "ኡስታዝ" የሚለው። ያኔ ጎኑን በኳስ ተመትቶ አንድ ወር ተኝቶ ነበር። ለእሱ ስል ዕቃውን አፈረስኩት። ክንዱን ከክርን በላይ ቆረጥኩ፣ ለሙቀቱ ስል ስፖንጁን በግማሽ አሳሳሁ፣ መጣበቅ እምቢ ያለውን ማሰሪያ ነቅዬ ቆዳና ዘለበት አደረግሁበት። ሃያ ዓመት ቦርሳና ኳስ ስሰፋ እንደዚህ የኮራሁበት ሥራ የለም።

ዛሬ ከጨዋታ በፊት ሳስርለት ዘለበቱ ባለፈው ቀዳዳ አልያዘም። በወስፌ አዲስ በሳሁ። በአንድ ወር ሦስተኛው ቀዳዳ። ቆዳው ተለጥጦ ነው አልኩ። ቆዳ ይለጠጣል።

ጥቅምት 16፣ እሑድ። ከሰዓት

ቆዳው አልተለጠጠም። ሜትር አውጥቼ ለካሁት። መጀመሪያ የለካሁት ቀን የኢድሪስ ደረት ዙሪያው 106 ሳንቲም ነበር፣ ግድግዳዬ ላይ በጠመኔ ተጽፏል። ዛሬ 95።

ስኳር ትቼ ነው አለኝ። ዓይኑን አየሁት። እኔ ከወሎ ለሠፈራ መጥቼ እዚህ ስወርድ ልጅ ነበርኩ፤ መጀመሪያ በርታኛ ያስተማረኝ፣ መጀመሪያ ማንጎ ያጎረሰኝ ኢ. ነው። ሲዋሽ አውቀዋለሁ። ሜትሩን ሳሳየው ተናገረ። ሦስት ወሩ ነው። ምግብ አይረጋለትም፣ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ብቻውን ተመርምሯል፤ አዲስ አበባ ሂድ ተብሏል። ወረቀቱን ቁርኣኑ ሥር ደብቆታል።

ለምን አትሄድም? የትንሿ ልጁ ኒካህ ኅዳር 7 ነው። ሙሽራው ጉባ ግድቡ ላይ የሚሠራ ልጅ ነው፣ ፈቃድ የሚያገኘው በዚያ ሳምንት ብቻ። ሚስቱ ሐዋ የወለደችውን ትልቋን ልጃቸውን ልታርስ ግልገል በለስ ከሄደች ሦስተኛ ወሯ። ከሰማች ሠርጉን ታፈርሰዋለች አለ። ከኒካሁ ማግሥት እሄዳለሁ። አስማለኝ። ወላሂ ለማንም አልናገርም አልኩ።

ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀኝ። ጎንና ጎኑን ሙላልኝ አለ። እንደ ድሮው ልምሰል።

እሺ አልኩት። ምን ልበል?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ። ማታ 1 ሰ.

ሳምንቱን ሙሉ ሠራሁ። የፍራሽ ስፖንጅ በሦስት ንብር። ጠርዙን በምላጭ እያሳሳሁ፣ አለዚያ ትራስ ያቀፈ ይመስላል። ትከሻው ላይ ነው ዋናው ጥበብ፤ ሰው ሲከሳ መጀመሪያ የሚወድቀው ትከሻ ነው። ሌላም ሠራሁለት፣ ለየዕለት፣ ከሸሚዝ ሥር የሚለበስ ስስ ሰደርያ። ስፖንጁን ነጠላ አድርጌ፣ ላብ እንዲመጥ ጥጥ ገበር ሰጥቼ።

ለበሰው። ዞር አለ። ወላሂ፣ የድሮው ኢድሪስ! ደስ አለኝ። አሁን ስጽፈው አፈርኩ እንጂ ያኔ ደስ አለኝ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ዛሬ ሁለት ኳስ አዳነ፣ አንዱን ወድቆ። ጤ. ቡድኑ በሙሉ ኡስታዝ ጡረታ ተስማማው እያለ ቀለደበት። እሱም ሆዱን መታ መታ እያደረገ አሳቃቸው። መታ መታ ያደረገው ስፖንጁን ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ ከመጋዘኑ ጀርባ አስመለሰ። ውሃ አፈሰስኩለት። ጢሙን አሳድጓል፣ ጉንጩን ይሸፍናል። አዲስ አበባ ለመሄድ ስምንት ቀን ቀረኝ አለኝ። ሠርጉን ሳይሆን የእሱን ዕድሜ የምቆጥር መሰለኝ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ሐዋ ትናንት ገባች። ዛሬ ሱቄ መጣች፣ የሙሽራዋን ሻንጣ ዚፕ ላሠራ ብላ። ዚፑ ደህና ነበር። ቆማ ቆማ ጠየቀችኝ። ኢ. ፊቱ ጠቁሯል፣ ድምፁ ቀጥኗል፣ አሞት ነበር ወይ? ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቋል፤ ሴቶቹ ውስጥ፣ ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ ነው የሚያድሩት፣ በወጉ እንኳ አላየችውም።

ፀሐይ ነው አልኳት። ኳሱ ነው፣ ይሮጣል። ደረቱን አላየሽም እንዴ አልኩ።

እንዲህ ብዬ ተናገርኩ፣ ደብተሬ። በዚህ አፌ። አልሐምዱሊላህ ብላ ሄደች።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ኒካሁ ታሰረ። አልሐምዱሊላህ። ልጅቷ ስታምር!

ኢ. በነጭ ጀለቢያ፣ ከሥሩ የእኔ ሰደርያ። ቆሞ እንግዳ ተቀበለ፣ ትከሻው ቀጥ እንዳለ። አንድ ጉርሻ ወስዶ በመሐረብ መለሳት፤ ከእኔ በቀር ያየ የለም።

አንድ ነገር ሆነ። ትርንጎ ሻይ ልትቀዳ መጥታ ነበር። ትርንጎ ኳስ ሜዳው ዳር ሻይና ቦምቦሊኖ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከድባጤ ተፈናቅላ ሦስት ልጅ ይዛ የመጣች፣ የኢ. ቤት አጥር ለአጥር ተከራይ። ኢ. ሲያልፍ ሐዋና ሴቶቹ ባሉበት ጮክ አለች። "ውይ ኡስታዝ! ምን ዓይነት ደረት ነው? ዘንድሮስ በሬ መሰሉ!" ከልቧ ነው፤ ደስ ብሏት። ዓይን እንዳይበላ የሚባለውን ማሻ አላህ ግን አላለችም። ክርስቲያን ናት፣ አፏ አልለመደውም። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ለእሷ ብላ ማሻ አላህ አለች፣ ቀስ ብላ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ማግሥቱን እሄዳለሁ ያለው ሰውዬ መኪና ሊይዝ አልቻለም። መቆም አቃተው፤ እንግዳው ገና ስላልሄደ ዳሱ ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ የሠርግ ድካም ነው እያለ ተኛ። ዛሬ ጧት ወደቀ። ባጃጅ ውስጥ እኔ ነኝ የደገፍኩት። መንገድ ላይ በትንፋሽ አውልቅልኝ አለ። ከሸሚዙ ሥር ሰደርያውን ፈትቼ ጉያዬ ከተትኩ። ክብደቱ ከሰደርያው ጋር የወረደ መሰለኝ።

ሆስፒታል ሐዋ ደርሳ ሸሚዙን ሲያወልቁ አየች። የጮኸችው ጩኸት ከጆሮዬ አልወጣም። ባለፈው እሑድ እንዲህ አልነበረም እያለች የሰውን ሁሉ እጅ ትይዛለች። የእኔንም ያዘች። እኔ ሰደርያው ከብብቴ ሥር ነው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ኢድሪስ ሞተ። ከዙህር ሶላት በፊት።

ሲያጥቡት ግባ አሉኝ። አልገባሁም። ገላውን ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ፤ ፊታቸውን አይቼ የምችል አልመሰለኝም።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ጨዋታ የለም። ሁላችንም ለቅሶ ቤት።

ሐኪሙ በሽታው የቆየ ነው፣ ወራት ሆኖታል ብሎ ለኢ. ወንድ ልጅ ነግሮት ነበር። ማን ሰምቶ? ሁሉም በዓይኑ ያየውን ነው የሚያምነው። በኒካሁ ዕለት በሬ የመሰለ ሰው በአምስት ቀን አጥንት ሆነ። ዓይን ነው አሉ። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ከሰዓት በግልጽ። ሐዋ ስትበሳጭ አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም አይለይም። "ትርንጎ ነው። እሱ ነው የበላው። ማሻ አላህ እንኳ አላለም" አለች፣ እያለቀሰች።

ትርንጎ ያየችው እኔ የሰፋሁትን ነው። የፍራሽ ስፖንጅ! አፌን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አላህ ያጽናሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

የትርንጎ ሻይ ቤት ባዶ ነው። ብርጭቆዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል፣ ማንም የነካቸው የለም። ጤ. ቡድኑ እንኳ እሷን አልፎ ከማዶ ሄዶ ይጠጣል። እናቶች ሲያልፉ የሕፃን ፊት በሻሽ ይሸፍናሉ። አከራይዋ ወር አትጨርሺም ብላታለች።

ሱቄ መጣች። ጋሼ ሰይድ፣ እርስዎ የሟች ወንድም ነዎት፣ ምን አጥፍቼ ነው? አለችኝ። ያየሁትን ነው የተናገርኩት፣ ሰው አምሮበት አምሮብዎታል ማለት ነውር ነው? ድባጤ ቤቴን ጥዬ ወጣሁ፣ አሁን ደግሞ ልጆቼን ይዤ ወዴት? አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አብሽሪ አልኳት። አብሽሪ! ሌላ ቃል አላህ አልሰጠኝም። ፈሪ ነኝ፣ ደብተሬ። ፋጡማ ሚስቴ ብትኖር እስከ ዛሬ ጆሮዬን ይዛ ለቅሶ ቤት ትወስደኝ ነበር።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

የቡድኑ አምበል ደረቱን ሊወስድ መጣ። አዲሱ በረኛ የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ አጭር፣ ወፈር ያለ። ገና ነው፣ አፍርሼ መለካት አለብኝ አልኩት። ሲሄድ በሩን ዘግቼ ስፌቱን ፈታሁ። የጎኑ ስፖንጅ፣ የትከሻው፣ አንድ በአንድ። ላቡ አለበት። ሽታው እሱ ነው። ፊቴን ቀበርኩበትና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጠረጴዛው ላይ ሲከመር አስደነገጠኝ። ይኼን ሁሉ ነው የሸፈንኩት። በጥቅምት ለሐዋ ብደውል፣ ሠርጉ ይፍረስ፣ አዲስ አበባ ይሂድ ብዬ ብጮህ፣ ይድን ነበር? አላውቅም። ይኼን አለማወቄ ነው የሚበላኝ። ሥራው ባያምርልኝ ኖሮ ደግሞ ሰው ራሱ ያይ ነበር።

አምበሉ ተመልሶ ቢመጣስ ብዬ ስፖንጁን ማዳበሪያ ውስጥ ጨመርኩ። አሁንም እደብቃለሁ።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ሼሁ ዘንድ ሄድኩ። ስም አልጠራሁም። ሰው ለሟች ወንድሙ ምሥጢር ቢምል፣ ዝምታው ግን ሌላ ሰው ቢጎዳ? ብዙ አላሰቡም። በደል የሚያቆይ መሐላ አይያዝም፣ ሦስት ቀን ጹምና ተናገር አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ትክ ብለው አዩኝ። ብትጾምም ባትጾምም ተናገር አሉ።

ከነገ እጾማለሁ። አውቃለሁ፣ ሦስት ቀን ማግኘቴ ነው የጣመኝ።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ሁለተኛ ቀን። ኢ.ን በልቤ እጣላዋለሁ። አንተ ሠርግህን አየህ፣ ልጅህን ሸኘህ፣ እኔን ለዚህ ተውከኝ እለዋለሁ። እንዲህ ስለው ደግሞ እፈራለሁ፣ ይቅር በለኝ እለዋለሁ። ወንድሜ ነው። ናፈቀኝ። እሑድ እሑድ ጧት ዘለበት ሳስር ጀርባውን ሰጥቶኝ የሚያጉረመርመው ናፈቀኝ።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ። 11 ሰ. ተኩል

ቀኑ ሊያልቅ ነው። ነገ ብዬ ነበር። ነገ የለም።

አሁን በሱቄ በር ሲያልፉ አየሁ፤ ትርንጎ ፍራሿን ጠቅልላ፣ ትልቋ ልጅ ብርጭቆዎቹን በሣጥን ተሸክማ። የጭነት መኪና አግኝታለች፣ ሌሊቱን ግልገል በለስ። እዚያ ማን አላት? ማንም። ሰላም አለችኝ እንኳ፣ ጎንበስ ብላ። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ።

ስለዚህ ዛሬ ነው። ሐዋ የባሏ ሐዘን ዒዳ ላይ ናት፣ ከቤት አትወጣም፤ ልጁም ይኖራል፣ ይስማ። ሴቶቹም ይኑሩ። እነሱ ካልሰሙ ትርንጎ አትድንም። በቁሜ እነግራቸዋለሁ። በጥቅምት 95 ነበር፣ ለካሁት። በኒካሁ ዕለት ያያችሁት የእኔን እጅ ሥራ ነው እላለሁ። ዓይን የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ የለም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ሐዋ አትጮኽም። ቀስ ብላ፣ ሱቅህ መጥቼ ስጠይቅህ ለምን ዋሸኸኝ፣ ያኔ ብትነግረኝ ባሌን ሐኪም ጋ አልወስደውም ነበር ወይ ትለኛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሱን ስፈልግ ቆየሁ። ለመሐላው፣ ለሠርጉ፣ ለእሱ ክብር። አንዱም አይበቃም።

እንዲሁ እሄዳለሁ። የመግሪብ አዛን ሊል ነው፤ ጾሜን የምፈታበትን ውሃ እዚያው ሐዋ ቤት እጠጣለሁ፣ ከሰጠችኝ።