ጠፍቷል የተባለው ልጄ መስኮት ቁጥር አራት ላይ ስለ መቆሙ

ለክቡር የጠፉ ወታደሮች ፍለጋ ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወንበሩስ ወገብዎን አይጎዳዎትም? እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ የኮማንዶው እናት፣ ተመስገን ነው፤ በደስታ ሰክሬ የደንበኛ ሱሪ ገልብጬ እየሰፋሁ አለሁ።

ልጄ ጦር ሜዳ ከጠፋ ጀምሮ ባሉት ሁለት ዓመት ከአራት ወራት፣ «ፍለጋው ተጠናክሮ ቀጥሏል» የሚል ደብዳቤ ዘጠኝ ጊዜ ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፍለጋው ከመጠናከሩ የተነሣ ባለፈው ወር ልጄ ራሱ እያነከሰ መጥቶ እኔን አገኘኝ። ስፌት መኪናዬ ላይ እንዳጎነበስኩ «እማማ፣ ሱሪ ያሳጥራሉ?» ቢለኝ፣ ቀና ሳልል «ለሐሙስ ይደርሳል» አልኩት። ሣቁን ስሰማ መቀሱ ከእጄ ወደቀ፤ ጩኸቴን የሰማ ጎረቤትም ቤት የተቃጠለ መስሎት ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዞ ደረሰ።

ከቡድናቸው ተቆርጠው የቀሩት ልጄና የሬዲዮ ኦፕሬተር ጓደኛው ነበሩ። ሁለቱም ቆስለው ሳለ አንድ ድንጋይ ፈላጭ፣ መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱ ደብቆ አተረፋቸው። ጓደኛው ዳሌው ስለተሰበረ መራመድ አይችልም፤ ልጄ «ሰው ይዤልህ እመጣለሁ» ብሎት ነው የወጣው። እንግዲህ ቅሬታዎቼ፦

፩ኛ. በማግስቱ መስኮት ቁጥር አራት ብንቀርብ፣ ትሑቱ ጸሐፊዎ «የጠፋ ሰው ራሱ ማመልከት አይችልም» አሉት። «እናቱ ነኝ» ብል መገኘቱን የሚያስረዳ ማስረጃ ጠየቁኝ። ልጄን በትከሻው ይዤ ወደ መስኮቱ ገፋሁት። «ሰው ከማመልከቻ ጋር አይያያዝም፣ እማማ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የእኔን ልጅ የሚያህል ቁመት የትኛው ፋይል ይችለዋል?

፪ኛ. ጓደኛው ያለበትን መንደር ሊያስመዘግብ ቢሞክር፣ «የጠፋ ሰው ቃል አይመዘገብም» ተባለ። ክቡር ሆይ፣ ጥይት ያላስለቀሰው ልጄ እዚያው ደረጃዎ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይህን ያህል ኃይል ያለው መሥሪያ ቤት ጦር ሜዳ አለመሰለፉ ቆጨኝ።

፫ኛውን ቅሬታ ሰርዤዋለሁ፤ የሬዲዮ ኦፕሬተሩ አባት ቀደሙኝ። የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ «ማመልከቻ መጻፍ አልችልበትም፤ መንዳት ግን እችላለሁ» ብለው፣ የጫኑትን ሲሚንቶ አራግፈው ፍራሽ አነጠፉ፤ ልጄን መንገድ መሪ አድርገው ገሠገሡ። በአምስተኛው ቀን የመኪናቸውን ጡሩምባ እየነፉ ሰፈራችንን ሲያናውጡት፣ ልጃቸው ፍራሹ ላይ ሆኖ እንደ ሙሽራ እጁን ያውለበልብ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ጎረምሶች ቤቴ ካርታ ይጫወታሉ፤ ያጭበረብራሉ፤ ይጣላሉ። ጭቅጭቃቸው እንዴት እንደሚጣፍጥ ቢያውቁ ይቀኑብኝ ነበር።

ለድካምዎ ሁሉ፣ በተለይም ላልደከሙት፣ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ ዘወትር የምጸልይልዎ፣

የሁለት «ጠፊዎች» እናትና አስታራቂ

ማሳሰቢያ፦ ልጄ መሞቱን የሚያረዳ ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶናል። እኔ ቤት ስላልነበርኩ ሟቹ ራሱ ፈርሞ ተቀብሏል፤ መልእክተኛዎ «እግዜር ያጽናህ» ቢለው፣ «አሜን» ብሎ እስከ በር ሸኝቶታል።