የፊቤ ምስክር ወረቀት

ዳቬይተን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.። ብርድ ነው፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ። በቤተክርስቲያናችን አዳራሽ የነበርነው፦ አንተ፣ አሥራ አንድ ልጆች፣ ከኋላ ወንበር ላይ እኔ።

ውድ ወንድም ማናሴ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ሦስት ወር ሙሉ በቅዳሜ የሳይንስ ትምህርትህ ከኋላ ተቀምጬ ዝም ስል ያልገባኝ መስሎህ ነበር። ማንበብ የተማርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ ያወቅኩት ከፍሪዘር ካርቶን ውስጥ ከወጣ ወረቀት። አንተ ዲግሪ አለህ። ካሜራም አለህ።

የምታስተምርበት ድረ ገጽ ጥሩ ነው፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ልጆቹ ስክሪኑ ላይ ሽቦ ከአምፖል ያገናኛሉ፣ ይሳሳታሉ፣ መልሰው ይሞክራሉ። ልጄ ፊቤ በአንድ ሽቦ ላይ ብዙ ነገር ስትደራርብበት ስክሪኑ ላይ እሳት ተነሳ። ለምን እንደተቃጠለ ጠየቀችህ። ሰዓትህን አይተህ፣ «እሱ ፈተናው ላይ አይመጣም፤ ሪሴት በዪውና እለፊ» አልካት። ከዚያ ለትምህርቱ ገንዘብ ለሚሰጡት ረጂዎች የሚላከው ውጤት እንዳያሳፍርህ መልሶቹን ጮክ ብለህ አነበብክላቸው። አሥራ አንዱም መቶ ከመቶ አገኙ፤ ምስክር ወረቀት አስይዘህ «ሳይንቲስቶቼ» እያልክ ፎቶ አነሳሃቸው። ለእኔም «የልጄ የሳይንስ እውቀት አድጓል» የሚል ቅጽ ዘረጋህልኝ። «እህት በለጥሽ፣ ማንበቡ ይቅርብሽ፤ እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚ።»

ስንመለስ ስፓዛችን፣ የምንኖርበት ትንሽ ሱቅ፣ በርዶ ነበር። ለአንዲት ጎጎ፣ ለሰፈራችን አሮጊት፣ ዳቦ እየሸጥኩ ሳለ ፊቤ ፍሪዘሩና የውሃ ማፍያው በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ ማሞቂያውን ጨመረች። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸተኝ ሮጬ ቆጣሪውን አጠፋሁ። ገመዱ ቀልጧል። ከግድግዳው ማዶ የምንተኛበት ፍራሽ ነው። አልተቆጣኋትም። ቀልጦ የተጣበቀውን ገመድ እያየች፣ «ጠይቄው ነበር እኮ፣ እማዬ» አለች።

የማልምርህ ይህን ነው። ልጅቷ ለማወቅ በሩ ላይ ደርሳ ነበር፤ አንተ መለስካት።

ቅጽህን ሳልፈርም ልኬልሃለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ፊቤን ይዤ እመጣለሁ፤ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቅሃለች። ሰዓትህን ቤት ትተህ ና።

ደብዳቤው ሳይላክ አደረ፤ እሁድ ጠዋት ያደረግኩት ይህ ነው። ከአምልኮ በፊት ስልኬ ላይ ዳታ ሞልቼ ድረ ገጹን ከፈትኩ። ፊቤ ሽቦውን እስኪቃጠል ጫነችው፤ ሪሴት አላልነውም። ከዚያ ዕቃዎቻችን ላይ የተጻፈውን አነበብን፦ ውሃ ማፍያው 2000 ዋት፣ ማሞቂያው 1500፣ ፍሪዘሩ 200፤ ማከፋፈያው የሚችለው 2300። ፊቤ በምስክር ወረቀቷ ጀርባ ደምራ 3700 ብላ ጻፈችው። እኔ ከሶኬቱ በላይ ለጠፍኩት፤ ያንተ ፊርማ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

የፊቤ እናት፣ በለጥሽ