ለስላሳው ካፕሱል

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1975 ዓ.ም፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ለንደን ኬኒንግተን፣ ሚስተር ሃሪስ ጋራዥ ውስጥ። ይቅርታ ደብተሬ፣ በቅባት እጅ ነው የያዝኩሽ። ሠላሳ ባዶ የጥይት ቀለህ አጥቤ አድርቄያለሁ። አባባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ።

ሃሪስ ዱሮ አዋሽ ቆላ ለአደን ይመጣ ነበር፤ መንገዱንም ዱካውንም ያሳዩት አባባ ናቸው። አሁን በተራው ስኮትላንድ ተራራ ላይ አጋዘን ሊያሳድናቸው ጋብዟቸዋል። ጠመንጃው የሱ፣ ጥይቱን የምንሞላው እኛ። ጉዞው ኅዳር 11። የነቢያት ጾም በ15 ይገባል፣ አባባ በጾም አያድኑም፤ ስለዚህ ቀኑ አይገፋም። ቀበሌ ጠመንጃቸውን ከወሰደ ስድስት ዓመት። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥይት አልተኮሱም።

የዛሬው ምርጫ የካፕሱል ነው። ቀለሁ ቂጥ ላይ የምትገባ፣ ምስር የምታክል ነገር፤ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው እሷ ናት። ሃሪስ ሁለት ዓይነት አቀረበ፣ ለስላሳና ኃይለኛ። አባባ ዓይናቸውን ሳያሹ ለስላሳውን አነሱ። አዋሽ ዕድሜ ልካችንን የሠራነው በሱ ነው አሉ። ሃሪስ ወደ ኃይለኛው እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበ።

እኔም ደስ አለኝ። ያቺው ዓይነት ናት። አዋሽ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ጣቴ ቀጭን ነው ተብሎ ካፕሱል የማስገባው እኔ ነበርኩ። እማዬ ባሩድ ባሩድ የምትሸት ልጅ ማን ያገባታል ትል ነበር። ማንም አላገባኝም እማዬ፣ ግን በባሩዱ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 30፣ ጠዋት

ሃክኒ፣ ቤት። ከሌሊት ሺፍት ስገባ አባባ በመጥረጊያ እንጨት መስኮቱ ላይ ሲያነጣጥሩ አገኘኋቸው። ሳቅሁ። አላፈሩም። ቁጭ በይ አሉኝና ስለ ሳላ አደን ማውራት ጀመሩ፤ ጎህ ሲቀድ ቀንዱ ብቻ ከሣሩ በላይ እንዴት እንደሚታይ፣ ነፋሱን በአፈር ብናኝ እንዴት እንደሚያዩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ለንደን ከገባን ሁለት ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ያልተነፈሱ ሰው! ደብተሬ፣ አባቴ ተመለሱልኝ። ይህን ጉዞ እግዜር ይባርከው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4፣ ማታ 1 ሰዓት

የተኩስ ሜዳ ሄደን መጣን፣ ከከተማ ወጣ ብሎ። ሣሩ ላይ አመዳይ። አባባ አምስት ጥይት ተኮሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደህና። ሦስተኛው... ቃታ ሲስቡ ጠቅ አለ፣ ጸጥ፣ ከዚያ ፈነዳ። አራተኛው ደህና፣ አምስተኛው ግን እንደዚያው። ጸጥታው የዓይን ጥቅሻ አይሞላም፣ ግን አፈሙዙ ተንቀሳቅሶ አጋዘን ለማቁሰል ይበቃል። በሁለቱም ኢላማውን ሳቱ።

አባባ ጠመንጃውን ለሃሪስ መልሰው መኪና ውስጥ ገቡ።

ሃሪስ ወደ ጎን ወሰደኝ። ለስላሳው ካፕሱል ለቆላ ሙቀት ነው፣ በዚህ ብርድ ባሩዱን ቶሎ አያቀጣጥልም፣ ተራራው ላይ ይብሳል አለኝ። ለምን ለሳቸው አትነግራቸውም ስለው ቀላ። አስተማሪዬ ናቸው፣ አንቺ ንገሪያቸው አለ። እንግሊዝም ለካ ይሉኝታ ይይዘዋል!

ሰኞ፣ ኅዳር 6

አልነገርኳቸውም። አገር ሄደ፣ ቤት ሄደ፣ ጠመንጃ ሄደ። የቀራቸው ዕውቀታቸው ነው፤ እሱንም ተሳስተዋል ብዬ ልንጠቃቸው? በኔ አንደበት?

ደብቄ ልለውጠው አሰብኩ። ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፣ አያነቡትም። ግን ካፕሱል ሲለወጥ ባሩዱም ተቀንሶ እንደ አዲስ ከታች ተነሥቶ ይሞከራል። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ተደብቆ የሚሠራ አይደለም።

አባባ ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል አሉ። ስኮትላንድ ይቅርብኝ መሰለኝ አሉ። ብርዱ ነው አልኩ ለራሴ። መጥረጊያው ማዕዘን ላይ ቆሟል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8፣ ከሰዓት

ነገርኳቸው።

ምሳ እንኳ አልበሉም ነበር። ለሃሪስ ደውለሽ እንደማልሄድ ንገሪልኝ፣ እንግሊዝኛውን አንቺ አሳምሪው አሉ። ስልኩን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ካፕሱሉን፣ ብርዱን፣ ሃሪስ ያለውን። ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ የምናገረው ለምንጣፉ ነበር።

ቀና ስል ያለቅሳሉ።

«ጥይቱ ነው የዘገየው?»

«አዎ አባባ።»

«እጄ አይደለም?»

አይደለም አልኩ። ለካስ ጸጥታውን ሰምተዋል! ቃታውን ስበው ጣታቸው ያልታዘዘ መስሏቸው ነበር፤ አረጀሁ፣ አለቀልኝ፣ ልጄ ፊት ተዋረድኩ ብለው። ጉልበት ብሎ ነገር የለም።

እንባቸውን ጠርገው ተቆጡኝ። «ቅዳሜ አውቀሽ እስከ ረቡዕ ትደብቂያለሽ? አራት ቀን አስረጀሽኝ እኮ!» አሉኝ። ልጠብቃቸው ብዬ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» እያሉ ያሳደጉኝ ሰው፤ እኔ ግን አዘንኩላቸው ብዬ ናቅኋቸው።

ከዚያ ጫማቸውን ጠየቁ። ኬኒንግተን፣ አሁን። አውቶቡስ ውስጥ፣ ቆላ ቆላ ነው፣ ይህ ደግሞ ደጋ ነው፤ ይህን የማያውቅ ምን አዳኝ ነው ብለው በራሳቸው ሳቁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 10፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ኃይለኛው ገባ። ባሩዱን ከታች ጀመርን፣ አባባ ሚዛኑን፣ እኔ ካፕሱሉን። ዛሬ ጠዋት ሜዳ ላይ ሰባት ጥይት፣ ሰባቱም ወዲያው። አባባ የኢላማውን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

አብሬያቸው ልሄድ ከነገ ጀምሮ ያሉትን ሺፍቶቼን ለወጥኩ። እሳቸው አንድ ነገር አዘዋል፤ ከጎናቸው በደረቴ ተኝቼ የማየውን ሁሉ፣ የሳቱ እንደሆነም መሳታቸውን፣ እዚያው እነግራቸዋለሁ። እሺ ብያለሁ። መስቀል ይዤ ነው እሺ ያልኩት፣ ደብተሬ፣ ስለዚህ ተራራው ላይ ምንም ቢሆን ያየሁትን ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ።