የደሳለው ኮምፒውተር ፎርማት ስለመደረጉ

መካነ ሰላም
የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእንዳልካቸው፤

ጤናህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርም። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን በስልክ ስንነጋገር አንተ «እሺ፣ እሺ» ትላለህ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ጻፍሁት። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የሰው ክስና መልስ ስተይብ ነው ያረጀሁት፤ ጉዳይን ከሥሩ ጀምሮ በተራ ማስረዳት አውቅበታለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው። መጨረሻው ላይ የምጠይቅህ ነገር አለ፤ ከአንተ በቀር ማንም ሊያደርገው አይችልም።

ወንድምህ አወቀ ባለፈው ሳምንት መጣ። «የልጁ ኮምፒውተር አቧራ ከሚጠጣ ፎርማት ተደርጎ፣ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበት ለሉሊት ይላክላት። አጽዱና ላኩልኝ» ብለሃል አለኝ። ሉሊት የአንተ ልጅ ናት፤ ልጃችን ደሳለውም በአባት ወንድሟ ነው። እቃ አልነፍጋትም። የቀፈፈኝ «አጽዱ» የሚለው ቃል ነው። ልጄ ምን ቆሻሻ ጥሎ ሄደና ነው የሚጸዳለት?

አትንካው አልሁት። እሱ ደግሞ ሊያሳምነኝ ተነሣ፤ «እትዬ፣ ይኼ ዊንዶውስ እኮ ሞቷል። ከጥቅምት ወዲህ አይሠራም፣ አልሰማሽም?»

ሰምቻለሁ። ደሳለው የጫነው ዊንዶውስ አሥር ነው። ሠሪዎቹ ባለፈው ጥቅምት ለእሱ የሚልኩትን መደበኛ እድሳት አቁመዋል። እድሳት የማይደርሰው ዊንዶውስ ለቫይረስና ለሌባ ይጋለጣል፤ የባንክ ሥራ የሚሠራበት ሰው ቢለውጠው ደግ ነው። ሞተ ማለት ግን ሌላ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ይነሣል፣ ሲጻፍበት ይጽፋል። ወሬው የተቋረጠውን ሁሉ ሞቷል ማለት የእናንተ ቤት አመል ሆኗል።

በማግስቱ ሥራ ሄጄ ለምሳ ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ የነበረበት ቦታ በአቧራው መሀል አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ወዴት እንደሄደ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ በዚህ ከተማ ኮምፒውተር የሚወሰደው ወደ አንድ ቦታ ነው፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ወዳለው የአሕመድኑር ሱቅ። ማሽኑ ሲዘገይ ፎርማት፣ ሲሞቅ ፎርማት፣ ቫይረስ ሲገባው ፎርማት፣ ባለቤት ሲለውጥ ፎርማት። ምን ሆነ ብሎ የሚመረምር የለም። ራሱን ያመመውን ሁሉ ጭንቅላቱን ቆርጦ ሌላ እንደ መግጠም ነው።

ስደርስ አወቀ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ በምላጭና በቤንዚን ሣጥኑን ይፍቃል። ደሳለው የለጠፈው የኳስ ተጫዋች ሥዕል ነበረበት፤ እግሩ ብቻ ቀርቷል። አወቀ በምራቁ መሐረቡን አርሶ ቀሪውን ያሸዋል።

«ነይ እትዬ፣ ሙሽራ አስመስለነዋል» አለኝ።

ውስጥ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ አንድ አስተማሪ «አሕመድኑር፣ እስቲ እኔንም ፎርማት አድርገኝ፤ ሚስቴ ዛሬ ጠዋት ያለችኝን ልርሳው» ይላል። አንዱም «አንተን ዊንዶውስ አይቀበልህም፣ ሞዴልህ አሮጌ ነው» ይለዋል። ሱቁ በሙሉ ይስቃል። በሩን ይዤ ቆምሁ።

«ምን አደረጋችሁት?» አልሁ።

አሕመድኑር ሲያየኝ ብድግ አለ። «ሲን ብቻ ነው የነካሁት፣ እትዬ ዝናሽ። ዲ ላይ ያለው አንድም አልተነካም። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ የትምህርቱ ሁሉ አለ። ይዩት።»

ይህን በደንብ ልብ በልልኝ። የኮምፒውተር መጋዘን አንድ ሆኖ ሳለ እንደ ሁለት ክፍል ይከፈላል፤ አንዱ ሲ ይባላል፣ ሌላው ዲ። ሲ የዊንዶውሱ ቤት ነው። ዲ ላይ ሰው የራሱን ያስቀምጣል። ስለዚህ የሚያስፈልግህን ሁሉ ዲ ላይ አድርግ፣ ሲ ቢጠፋ ግድ የለም ይባላል። ይህን ያልሰማ ሰው መካነ ሰላም የለም። አሕመድኑርም የሚያውቀውን ነው የሠራው፤ «ዲ ላይ ነው ወይ?» ብሎ አወቀን ጠይቆታል፣ አወቀም «አዎ» ብሎታል። ፎቶዎቹን አየኋቸው። ከከላላ ሲመለስ በቅሎ ላይ ሆኖ የተነሣው ሳይቀር አለ። ጠፋ የምልህ ፎቶ አይደለም።

«ቴሌግራሙን ክፈትልኝ» አልሁት።

«ይጫናል፣ ቀላል ነው» ብሎ ጫነው። ስልክ ቁጥር ጠየቀ። የደሳለውን ቁጥር ነገርሁት። ኮድ ልኬያለሁ፣ አስገባ አለ። አሕመድኑር ወደ እኔ ዞሮ «ስልኩ የት አለ?» ሊለኝ ከጀመረ በኋላ አፉ ላይ አስቀረው። የማን ቁጥር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው።

አወቀ ከደጅ «ቴሌግራም ምን ያደርግልሻል? ስልክሽ ላይ አለልሽ አይደል?» ይለኛል።

አለልኝ። የእኔ ነው ያለኝ። የጠፋው የደሳለው ነው። አንተም እንደ ወንድምህ ልዩነቱ ምንድን ነው እንዳትለኝ፣ ላስረዳህ።

እኔ ፍርድ ቤት ስቀጠር ታይፕራይተር ነበር። ታይፕራይተር የሚያዘው የለውም፤ ፊደሉን ትመታለህ፣ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ ደሴ ወስደው አሠለጠኑን። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን የሚያዘው ዶስ ይባል ነበር። ጥቁር መስኮት፣ ነጭ ፊደል፤ ሥዕል የለው፣ ማውስ የለው። ትእዛዙን ራስህ ትጽፋለህ፣ አንድ ፊደል ከሳትህ አላውቅም ይልሃል። ከዚያ ዊንዶውስ በየመልኩ መጣ፤ በሥዕል የሚነካካ፣ ኤክስፒ፣ ሰባት፣ አሥር፣ አሁን ደግሞ አሥራ አንድ። በመጣ ቁጥር በሩን ቀለም ይቀቡታል፣ ቁልፉን ቦታ ያዛውሩታል፣ እኛም እንደ አዲስ እንፈልጋለን። ሥራው ግን ያው ነው።

ሥራውን የነገረኝ ደሳለው ነው። «እማ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የፍርድ ቤታችሁ ሬጅስትራር ነው» አለኝ። «ዳኛ አይደለም፣ ባለጉዳይም አይደለም። ግን ያለ እሱ ፋይል አይወጣም፣ አይገባም። መጻፊያው፣ ሙዚቃው፣ ቴሌግራሙ ሁሉም ባለጉዳዮች ናቸው። መጋዘኑ ውስጥ ራሳቸው አይገቡም፤ ሬጅስትራሩን ይጠይቃሉ። ማን እንደሆኑም የሚያውቃቸው እሱ ቤት ባለው መዝገብ ነው።» በኪስህ ያለው ስልክም እንዲሁ ነው፤ የእሱ ሬጅስትራር ስሙ አንድሮይድ ሆነ እንጂ።

ሲን ፎርማት ማድረግ እንግዲህ ሬጅስትራሩን ከነጽሕፈት ቤቱ አፍርሶ በቦታው አዲስ ሰው ማስቀመጥ ነው። በሌላኛው ክፍል ያለው ሰነድ አይነካም። የድሮዎቹ ባለጉዳዮች ግን እንደ አዲስ ይመዘገባሉ፤ ቴሌግራም «አንተ ማነህ? ኮድ አምጣ» ይባላል። በድሮው ጽሕፈት ቤት ደሳለው ራሱ ከፍቶት የሄደው ቴሌግራም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ክፍት ነበር።

ይህ ለምን እንደሚጠቅመኝ ልንገርህ። ልጁ ደሴ ሲማር ስልኩን ሰረቁት። የጓደኛውን ስልክ ተውሶ ቴሌግራሙን ሊከፍት ሲሞክር፣ ኮዱ የመጣው ቤት ወዳለው ኮምፒውተር ነው፤ ቴሌግራም ሌላ ቦታ ተከፍቶ ካገኘ ኮዱን መጀመሪያ ወደዚያ ይልካል። ደወለልኝ። «እማ፣ ኮምፒውተሩን ክፈቺና የመጣውን ቁጥር አንብቢልኝ።» አምስት ቁጥር ነው። አነበብሁለት። «ከፈተልኝ! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» ብሎ ሳቀብኝ።

በ2017 ኅዳር በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ብሎ ሲወጣ ለእኔም ለአንተም አልነገረንም። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። አንተ ጀልባ ሰጠመ የሚል ሰው አገኘህ፤ እኔም ያንኑ ሰው ከላላ ድረስ ሄጄ አናግሬዋለሁ። «አይተኸዋል?» አልሁት። «አላየሁትም፣ እናቴ፤ ስሙን ሲጠሩ ሰማሁ» አለኝ። በዚህ ቃል ፍርድ ቤት አንዲት በግ እንኳ ለከሳሽ አይፈርድም። አንተ በዚህ ቃል ፍትሐት አስፈታህ፣ ባለፈው ኅዳር ደግሞ ሙት ዓመቱን አወጣህ፣ ድንኳን ጥለህ ሰው አበላህ። ፎቶውን አወቀ በስልኩ አሳየኝ። ሰው እየሳቀ ይበላል።

እኔ በየቀኑ ከሥራ ስመለስ መብራት ካለ ኮምፒውተሩን አስነሣ፣ ከስልኬ ኢንተርኔት አጋራው፣ ቴሌግራሙን እከፍት ነበር። የማንንም መልእክት አላነብም። የማየው አምስት ቁጥር መጥቶ እንደሆነ ብቻ ነው። አንድ እስር ቤት፣ አንድ የፍየል በረት፣ የሰው ቤት ውስጥ ሆኖ የሰው ስልክ ቢያገኝ፣ የሚሞክረው የለመደውን ነው። ሲሞክር ቁጥሩ እኔ ዘንድ ይመጣል። ለማንም አልተናገርሁም፤ ብናገር እኔን የሚያዩበትን ዓይን አውቀዋለሁ።

የዚያን ቀን ለአሕመድኑር ብቻ ነገርሁት፤ ይህን ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ ተቀመጠ። «ወላሂ እትዬ፣ አንድ ቃል ቢነግሩኝ ስልክዎ ላይ አብሮ እንዲከፈት አደርግልዎ ነበር። የደቂቃ ሥራ ነበር።»

«ይመለሳል?» አልሁት።

«ሲ ላይ የነበረው አይመለስም፤ በላዩ ተጽፎበታል። ግን አብሽሩ፣ አይዞዎ። ሲም ካርዱ በማን ስም ነው?»

በአንተ ስም ነው። ስታወጣለት መታወቂያ ያልደረሰው ልጅ ነበር። ቴሌ ሄድሁ። ልጅቷ ትሑት ናት፤ «እናቴ፣ ቁጥሩ እንዳይዘጋ ካርድ ሲሞሉለት እንደቆዩ ይታያል፤ ምትክ ሲም ግን ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ካልመጣ አይሰጥም» አለችኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። አንተ ባለህበት ወደሚገኘው ቴሌ ሄደህ የደሳለውን ቁጥር ምትክ ሲም አውጣ። ባለቤቱ ሞቷል ብለህ እንዳትናገር፤ ባለቤቱ አንተ ነህ፣ በሕይወት አለህ። ሲሙን ስልክህ ውስጥ አድርግና አስታውቀኝ። እኔና አሕመድኑር እዚህ በእኔ ስልክ ላይ እንከፍተዋለን። አትዘግይ፤ ማንም ሳይገባበት ወራት ከቆየ ቴሌግራም ራሱ ሒሳቡን ያጠፋዋል። ያን ጊዜ ልጁ ቢሞክርም «አዲስ ነህ» ይለዋል፣ ለእኔ የሚመጣ ነገር አይኖርም።

ኮምፒውተሩን አወቀ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያመጣልሃል። ዲ ላይ ያለውን አሕመድኑር በፍላሽ ገልብጦልኛል፤ ከማሽኑ ላይ ግን አላስጠፋሁትም። ሉሊት ትክፈተውና ወንድሟን በበቅሎው ላይ ትየው። ማን ነው ብላ ከጠየቀችህ የምትመልስላትን አንተ ታውቃለህ። በሌላ ሰው እጅ እንዳታስጸዳው።

ሉሊትን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ለእናቷም ጤና ይስጥ፤ እሷ አልበደለችኝም። ለአንተ የምመርቅበት አፍ ዛሬ አላገኘሁም። ሲሙን ስታወጣ እመርቅሃለሁ፣ ከልቤ።

ኮዱን በአጭር መልእክት እንዲልክልህ እናዘዋለን፤ አምስት ቁጥር ነው። ከሥሩ ለማንም አትስጡ የሚል ማስጠንቀቂያ አለበት። አንተ ለእኔ ስጠኝ።

የደሳለው እናት
ዝናሽ