ሁለቱን መድኃኒት የለያየሁበት ሳምንት

እማዬ፣

ዓይንሽን ካየሁ ስምንት ወር ሆነ። አንባቢዎቼም ይህን ስለሚያዩት እየተሸማቀቅኩ ነው የምጽፍልሽ፤ በየመጽሔቱ የሰው ትዳርና የሰው ጓዳ የምታቃናው ልጅሽ የገዛ አባቷን መድኃኒት በወጉ መስጠት አቃታት።

የጎሮው ቤታችን ደህና ነው። የግቢውን በር ቀለም አስቀባሁት። እትዬ ዘነቡ ልጃቸውን ድረዋል፤ የሠርጉን ጉድ ለብቻሽ አወራሻለሁ። አባዬ ግን ከስቷል። «ጨጓራዬ ነው፣ ይተወኛል» ሲል ሲል አንድ ቀን ጠዋት ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቆረና ሽንት ቤት በር ላይ ወደቀ። ሐኪም ቤት ስንሄድ ጨጓራው ቆስሎ ደምቷል አሉን። ያቆሰለው ባክቴሪያ ነው ብለው ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና አንድ የአሲድ መቀነሻ አዘዙለት፤ ሁሉም አብረው፣ ጠዋትና ማታ፣ ለዐሥራ አራት ቀን።

ይሄኔ ያቺ የብስኩት ቆርቆሮሽ ትዝ አለችኝ። ከማን እንደተረፈ የማይታወቅ እንክብል ሁሉ የሚጠራቀምባት! ሲያተኩሰኝ በእጅሽ ጀርባ ግንባሬን ነክተሽ ከዚያች ውስጥ አንድ ፍሬ ታወጪልኝ ነበር። ሁለት ብጠይቅሽ «መድኃኒት ተደራርቦ አይዋጥም፣ ሆድ ውስጥ ይጣላል» ትዪኛለሽ። እኔም ያንቺ ልጅ አይደለሁ? አንዱን አንቲባዮቲክ የመጀመሪያውን ሳምንት ሰጠሁት፣ ሌላውን ለሁለተኛው አስቀመጥኩት። አባዬ «አብረው አላሉም እንዴ?» ቢለኝ «አንተ ዝም ብለህ ዋጥ» አልኩት።

ለቀጠሮው ስንመለስ ዶክተሯ እንዴት እንደወሰደ ጠየቀችኝ። እንደ ጎበዝ ተማሪ አስረዳኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ቀስ ብላ ነገረችኝ። አንዱ መድኃኒት ብዙውን ባክቴሪያ ቢገድል እንኳ ጥቂቶች ሊያመልጡት ይችላሉ። ብቻውን ከሆነ የሚራቡት እነዚያው ያመለጡት ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያ መድኃኒት አይበግራቸውም። ሁለተኛው አብሮ የሚሰጠው ከመጀመሪያው ያመለጠውን እዚያው እንዲይዘው ነው። «ለሁሉም በሽታ ግን እንዳይመስልዎት» አለችኝ። «ብዙውን ኢንፌክሽን አንዱ ይበቃዋል፤ ጉንፋን ደግሞ አንዱንም አይፈልግም። እኛ የምናጣምረው እንደዚህኛውና እንደ ሳንባ ነቀርሳው፣ መድኃኒት ቶሎ የሚለምድ ጀርም ሲሆን ነው። ወይም ደግሞ ሰው በጠና ታሞ የትኛው ጀርም እንደያዘው እስኪታወቅ።»

ምርመራው ባክቴሪያው አለመጥፋቱን አሳየ። ቁስሉ እንደገና ሊደማ ይችላል ማለት ነው። ሌላ ዓይነት ጥምረት አዘዘችለት።

ስንወጣ ወሎ ሰፈር ታክሲ እየጠበቅን አባዬ ምን አለኝ መሰለሽ? «ሠላሳ ዓመት እዚህ ጋራዥ ሠርቻለሁ። ጎማ ስገጥም አንዱን ብሎን ዛሬ፣ ሌላውን ለሚቀጥለው ሳምንት ብዬ መኪና ሰድጄ አላውቅም!» ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ታክሲ ውስጥ ግን ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ።

አዲሱን መድኃኒት ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ ምልክት እያደረግሁ፣ አንዲት ፍሬ ሳላጓድል ሰጠሁት። ካለቀ በኋላ ከወር በላይ ጠብቁ ስለተባልን ስንጠብቅ ቆይተን፣ ዛሬ ጠዋት የሰገራውን ናሙና በምሳ ዕቃ ቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ አንዷ «ምሳሽ ይደፋብሻል፣ ልያዝልሽ» ብላኝ ልሞት! ውጤቱ ሐሙስ ነው። እስከዚያ በየጠዋቱ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜ «አባዬ፣ ቀለሙ ምን ይመስላል?» እላለሁ። «ልጄ፣ እስቲ ልቀመጥበት!» ይለኛል። ሳቅ ሲል ትንሽ እተነፍሳለሁ፤ ካልሳቀ በሩን አንኳኳለሁ።

ቆርቆሮሽን ባዶ አድርጌያታለሁ፤ እንክብሎቹን ፋርማሲ ወስጄ እንዲያስወግዱልኝ ሰጠሁ። እንዳይከፋሽ። የምታውቂውን ነው ያደረግሽልን። አሁን የአባዬ የሐኪም ቤት ካርድ ነው ያለባት።

አባዬ «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ትሳቀቃለች» ብሎኛል። እኔ ግን ያንን ግንባሬን የነካ እጅ እስካለሁ አልረሳውም፤ ካንቺም አልደብቅም። እሑድ ሳሊተ ምሕረት መቃብርሽ ጋ እመጣለሁ። የሐሙሱ የውጤት ወረቀት የሚለውን፣ ክፉም ቢሆን፣ እንዳለ አነብልሻለሁ።

ልጅሽ