አባባ ቁም ሣጥን ውስጥ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ዛሬም ተዛወርን። ስንተኛ ቤታችን እንደሆነ እቆጥር ነበር... ለጤናዬ ስል ተውኩት። አምስተኛ ፎቅ ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ሲከፈት የሚያቃስት የመታጠቢያ ቤት በር። ሊፍት የለውም። የባለቤቴ ሥራ ሊፍት መግጠም ነው። ድርጅቱ ከከተማ ከተማ፣ ከአገር አገር እየላከ ለሰው ሊፍት ያስገጥመዋል፤ እኛ ሻንጣ ተሸክመን በደረጃ እንወጣለን።

ቤቱ እንደ ሁልጊዜው ከነዕቃው የሚከራይ ነው። አከራያችን ቁልፎቿን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለምትዞር ስትራመድ እንደ ቃጭል ትንኳኳለች። የቁልፍ እመቤት ብያታለሁ። ሳሎኑ መሀል ቆማ ሕግ አወጀች። ልጄ ተረጎመች፤ የአገሩን ቋንቋ ከሁላችን ቀድማ የለመደችው እሷ ናት፣ በዘጠኝ ዓመቷ።

«አልጋ አይገፋም ትላለች። ምንጣፍ ላይ በጫማ አይቆምም ትላለች። ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም ትላለች። አሁንም ሚስማር አይመታም ትላለች። እማዬ፣ ሦስተኛ ልትደግመው ነው።»

እማማ ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ። የባለቤቴ እናት ናቸው፤ አብረውን ይዞራሉ። ብቻቸውን ግን አይዞሩም፣ ከአባባ ጋር ነው። አባባ ካረፉ ቆይተዋል፤ የሚዞረው ፎቷቸው ነው። ግን ምን ዓይነት ፎቶ! የበር ግማሽ የሚያህል፣ ከነመስታወቱ፣ ራሳቸው በሠሩት ወፍራም የእንጨት ፍሬም ውስጥ። አናጢ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሚስማር ሲመቱ ኖረው አሁን አንዲት ሚስማር የሚመታላቸው አጡ። «ባሌ መሬት ላይ አይቀመጥም» ስለሚሉ እማማ፣ ከአገር ከወጣን ወዲህ ሰውየው የሚያድሩት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

የመንግሥታችን ሕገ መንግሥት ደግሞ ይህ ነው፦ በገባን ቀን፣ ምንም ሳይነካ፣ ባለቤቴ ክፍል ክፍሉን በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ቁም ሣጥን ሳይቀር ከፍቶ። በምንወጣ ቀን ሁሉን በፎቶው መሠረት ወደ ቦታው እንመልሳለን። እስከ ዛሬ አንዲት ትራስ አጣመን አልወጣንም።

ዛሬ ግን እማማ ቀደሙት። ቁም ሣጥኑ ጋ ሲደርስ አባባ ገብተዋል።

«እማዬ፣ አንዴ አውጪልኝ። ባዶውን ላንሳ።»

«አሁን አስገብቼው አሁን ላወጣው? ሰውየው ዕቃ ነው? ከነእሱ አንሳ!»

ከነእሳቸው አነሳ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ልብሳችን ወንበር ላይ፣ ሰውየው ቁም ሣጥን ውስጥ። ሌላው ሰላም ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

እማማ ጠዋት ጠዋት የቁም ሣጥኑን በር ከፈት አድርገው «እንደምን አደርክ?» ይላሉ። ከዚያ ሪፖርት ይቀርባል። ዛሬ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ልጅህ ከሳ። የልጅ ልጅህ ጎበዝ ናት፣ ምላሷ ረዘመ እንጂ። ምራትህ ሽንኩርት ታሳርራለች...»

«እማማ! ሰማሁ እኮ!»

«ላንቺ አላወራሁም። ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ምን ጥልቅ ያደርግሻል?»

ወጣሁ። (ሽንኩርቱ እውነትም አርሮ ነበር።)

የሚብሰው ግን የእኔ ነው። ከአባባ ሥር ያስቀመጥኩትን ጫማ ላወጣ በሩን በከፈትኩ ቁጥር «እንደምን አደሩ፣ አባባ» ማለት ጀምሬያለሁ። ካላልኩ የሚቆጡ ይመስለኛል። ፊታቸው እንደሱ ነው። ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁ።

ከሰዓት የእማማ ወንድም ከአገር ቤት ደወሉ። በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ ነገሩም አይለወጥም። ሰፊ ቤት አለኝ፣ ባዶ ግድግዳ አለኝ፣ ምን ያንከራትትሻል ነይ። እማማ ስልኩን ዘግተው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ስሙኝ። የሚቀጥለውም ቤት እንደዚሁ ከሆነ ባሌን ይዤ ወንድሜ ጋ እገባለሁ። ሰው ቁም ሣጥን ውስጥ አይጦርም።»

ባለቤቴ ምን አለ? «እናያለን።» ለሁሉ ነገር መልሱ ይሄ ነው። ቤት ሲጠፋ እናያለን፣ ጥርሱን ሲያመው እናያለን። ስሙ ራሱ እናያለን ቢሆን ይቀላል።

እኔስ? «እንደ ወደዱ፣ እማማ» አልኩ። በኩራት! አፌን በቆረጠው። ኩሽና ገብቼ ደግሞ ሌላ ሽንኩርት አሳረርኩ። እሳቸው ከሄዱ የልጄን ጸጉር ማን ይሠራል? ከማንስ ጋር ልጣላ ነው? ከእናያለን ጋር ጠብ አይነሳም፤ ሞክሬዋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

የእናያለን ሕንፃ እያለቀ ነው። አለቃው ጠርቶ ሁለት ነገር አቀረበለት። ወይ እዚሁ ቀርተህ የገጠምካቸውን ሊፍቶች ትንከባከባለህ፣ ወይ ወደ ሌላ ከተማ ሄደህ አዲስ ትገጥማለህ።

«ምን አልከው?»

«እሄዳለሁ አልኩት።»

ደነገጥኩ። በአንድ ቀን የተወሰነ ነገር አይቼ አላውቅም።

«ምነው ሳታማክረኝ?»

«እዚህ ብንቀር የቁልፍ እመቤት ሚስማር አትፈቅድም። ሌላ ቤትም ፈልጌ ነበር፤ ሁሉም እንደሷ ናቸው። እዚያ ምናልባት...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ ልትሄድብኝ ነው እኮ።»

ለካ ይሄ ሰው ሲያይ ነበር። ግድግዳ ፍለጋ ከተማ የሚቀይር ሰው ከኛ ሌላ ይኖር ይሆን? ሊፍት ገጣሚ ሆኖ እሱም እንደ ሊፍት ሆነ፤ ሁሉም ፎቅ ላይ ይቆማል፣ የትም አይኖርም።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

የቁልፍ እመቤት ለፍተሻ መጣች። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው በክብር ቀረቡ፤ ልጄ በመሀል ቆመች።

«አንዲት ሚስማር ብቻ በያት። ቀጭን።»

ልጄ ረጅም ንግግር አደረገች። ሴትዮዋ ነጣች። ቁም ሣጥኑን አየች፣ በሩን አየች፣ ቦርሳዋን አነሳች፤ ምኑንም ሳትፈትሽ ወጣች። ቃጭሏ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሲወርድ ይሰማን ነበር።

«ምን ብለሻት ነው አንቺ?»

«እውነቱን ነዋ! አያቴ አናጢ ነበር፣ ሞቷል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያስቀመጥነው አልኳት።»

«ፎቶው መሆኑንስ?»

«እሱን ልነግራት ስል ሄደች።»

እማማ እስከ ማታ ሲስቁ ዋሉ። እንባቸውን እየጠረጉ ለአባባም ነገሯቸው። እኔም ሳቅሁ፣ ሳቅሁና... እሳቸው ሲሄዱ ቤታችን እንዴት ዝም እንደሚል ታየኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ወጣን። በክብር፣ በሥርዓት፣ ያለ እንከን። ለመጪው ትውልድ ይጻፍ!

እማማ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ቀድመው ወርደው መኪና ውስጥ ተቀመጡ። «አባትህን አደራ» አሉ። «እኛ አለን» አልን። እኔ የልብስ መተኮሻ ጣውላዬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አወረድኩ፤ ባለፈው ዝውውር እግሩ ተጣሞብኛል። እናያለን ስልኩን ይዞ ክፍል ክፍሉን ከፎቶው ጋር እያስተያየ አለፈ። «መጋረጃ፣ ልክ። ትራስ፣ ልክ። ቁም ሣጥን፣ ልክ።» ድምፁ እንደ ዳኛ።

ለግማሽ ቀን ተነዳን። መንገዱን ሙሉ እማማ ወደ ኋላ እየዞሩ ብርድ ልብሱን ዳበስ ያደርጉ ነበር። «ቀስ ንዳ፣ አባትህን አታናውጠው።»

ዓርብ፣ ኅዳር 28

ወይኔ።

ማታ ስንገባ ደክሞን ሳንፈታ ነው የተኛነው። ዛሬ ጠዋት እማማ ብርድ ልብሱን በቀስታ ገለጡ። «እንደምን አደርክ...»

መተኮሻ ጣውላ።

እማማ ጣውላውን አዩት። ጣውላው እማማን አየ። እኔ እናያለንን፣ እናያለን እኔን።

«አንተ አላወረድካቸውም?»

«ጠቅልለሽ ስታወርጂ አየሁሽ እኮ!»

«እሱ ጣውላ ነው!»

ስልኩን አወጣ። የገባን ቀን ያነሳው ፎቶ፦ ቁም ሣጥን፣ በሩ የተከፈተ፣ መሀል ላይ አባባ ቀጥ ብለው። ትናንት ከፍቶ አይቷቸው፣ ከፎቶው ጋር አስተያይቷቸው፣ «ልክ» ብሎ በሩን ዘግቶባቸዋል። አባቱን! እንደ ቤቱ ዕቃ!

እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ሸበለሉ።

«ወንድሜ ጋ ደውሉልኝ።»

ልጄ ግን ቀድማ የቁልፍ እመቤት ጋ ደወለች። እኛ ዙሪያዋን ከበን ቆምን።

«አለ ትላለች። ...ደህና ነው ትላለች። ...ቁም ሣጥን ውስጥ አይደለም ትላለች።»

«ታዲያ የት?» አልን በአንድ አፍ።

ልጄ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ግድግዳ ላይ!»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

ለግማሽ ቀን ወደ ኋላ ነዳን። እማማ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «ፍጠን።»

አምስቱን ፎቅ በዚያ ጉልበታቸው ማንንም ሳይደገፉ ወጡ። በሩ ተከፈተ። ሳሎኑ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ትይዩ፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ... አባባ። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበሉ። በዚህ ሁሉ አገር ዞረው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚያዩ።

የቁልፍ እመቤት ተከሳሽ መሰለች። ልጄ ተረጎመች።

«ልትፈትሽ ገባች። ቁም ሣጥኑን ፈርታ ጎረቤት ይዛ ነው የከፈተችው። ጮኸች። ከዚያ ፎቶ መሆኑን አየች። አልጋ ላይ አስቀመጠችው፤ ስታጸዳ አፈጠጠባት። ሶፋ ላይ አስቀመጠችው፤ ባሰ። ይሄ ሰው ተቀምጦ አይሆንለትም፣ መቆም አለበት አለች። ሰቀለችው።»

«ሕጓስ?» አለ ባለቤቴ።

«ሕጉ ለተከራይ ነው ትላለች። እሷ የቤቱ ባለቤት ናት።»

እማማ ተጠግተው ሚስማሩን አዩ። ጎብጧል፣ አናቱ ተጨፍልቋል። «በምን መታችው?»

«በጫማዋ ተረከዝ።»

እማማ አፋቸውን ያዙ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብዬ ስሮጥ ለካ ሳቅ ነው። «በተረከዝ! አየህ አንተ፣ በተረከዝ ሰቀለችህ! ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር!»

«ሞቷል እኮ፣ አያቴ» አለች ልጄ።

«ዝም በይ፣ አውቃለሁ።»

አባባን ለማውረድ ማንም እጁን አልዘረጋም። እማማ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። የቁልፍ እመቤትም አጠገባቸው። ቋንቋ አይግባቡም፤ ሁለቱም ግድግዳውን ያያሉ።

«ቤቱ ተከራይቷል?» አልኩ።

ልጄ ጠየቀች። «ማን ደፍሮ ይከራያል ትላለች፣ እሱ እያየ? ሚስማሩን ብነቅለው ቀዳዳ ይተዋል፤ ስለዚህ እሱም አይነቀልም፣ እናንተም ብትመለሱ ይሻላል ትላለች።»

እናያለን ስልኩን አወጣ። እንግዲህ ልማዱ ነው፣ ፎቶ ሊያነሳ ነው ብዬ ነበር። አለቃው ጋ ደወለ።

«ያ ሊፍት የመንከባከቡ ሥራ ሰው አግኝቷል? ...እንግዲያው ያዝልኝ። አዎ። አይ፣ ማየት አያስፈልግም።»

ማየት አያስፈልግም! በጆሮዬ ሰማሁ። ምስክሮች አሉኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 30

ኩሽና ውስጥ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ እማማ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ። ልሂድ ስል አይሂዱ ለምን አላልሽኝም?»

«ብልዎት ኖሮ እልህ ይዞዎት ይሄዱ ነበራ።»

አሰቡበት። «እሱስ እውነትሽን ነው። ...እሳቱን ቀንሺው፣ ሊያርብሽ ነው።»

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12

ሻንጣዎቹ ተፈትተው አልጋ ሥር ገብተዋል። ልጄ የራሷን ሥዕል ከአባባ ጎን ልስቀል ብላ ከአከራይዋ ጋር ስትከራከር ሰንብታ ትናንት አንድ ሚስማር አስፈቀደች። ይህኛውን እማማ በእጃቸው መቱት፣ በአባባ መዶሻ። ለካ መዶሻውም ሻንጣቸው ውስጥ ሲዞር ኖሯል! የቁልፍ እመቤት ቆማ አየች፣ ጫማዋን አየች፣ አፈረች።

እናያለን አባባን ቀጥ ላድርጋቸው ብሎ ወንበር ላይ ወጥቶ ነበር። እማማ አወረዱት። «ተወው። አጎንብሶ እኔን እያየ ነው።» ጠዋት ሪፖርቱ የሚቀርበው ሳሎን ውስጥ ነው፣ በይፋ። ስለ ሽንኩርቱ አሁን ቤተሰቡ በሙሉ ይሰማል።

አሁን ቁም ሣጥኑ የኔ ነው። ከአገር ከወጣሁ ወዲህ ቀሚሶቼ ተሰቅለው አያውቁም ነበር። ዛሬ ጠዋት በሩን ከፈትኩና ጎንበስ ብዬ፣ በአክብሮት፦

«እንደምን አደሩ፣ አባባ።»

አረንጓዴው ቀሚሴ ነበር። ከሳሎን እማማ ሰሙኝ።

«ደህና አድሯል! እዚህ ነው ያለው!»